ሞተር አስታማሚው

ባለፈው ሳምንት ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ፉሪ ዳገቱ ላይ ብሎኬት የጫነ መኪና መንገድ ይዞ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ጃኬቱን እጁ ላይ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ልክፈት አልክፈት እያለ ያመነታል። እንፋሎቱ ፊቱን ሸፍኖታል። የተሳፈርኩበት ታክሲ በጎኑ ሲያልፍ መስኮቱ ክፍት ነበርና ሽታው ገባ፤ ዝገት የተቀቀለበት ውሃ፣ የጋለ ብረት፣ ትንሽ የተቃጠለ ላስቲክ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ በሻርፗ አፍንጫዋን ሸፍና ስልኳን ማየቷን ቀጠለች። ሾፌራችን «በቃ፣ ነክሷል ይሄ» ብሎ አለፈ። የሾፌር ቋንቋ ነው። ሞተር ውሃ አጥቶ ሲግል ፒስተኑ ያብጥና ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ ቢገፉትም ቢጎትቱትም አይዞርም። ነከሰ ይባላል። ቃሉን ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ሽታውን ግን አፍንጫዬ ወዲያው አወቀው። ታክሲው ፉሪን አልፎ ከተማ እስኪገባ ድረስ እኔ ሌላ ዳገት ላይ ነበርኩ፤ ከሱሉልታ ሜዳ ወደ እንጦጦ ጫፍ በሚወጣው መንገድ ላይ።

አርባ ዓመት አልሞላኝም። ትዝታ ለመጻፍ ገና ነህ የሚሉኝ አሉ። በእነዚህ ከተሞች ግን ዕድሜ የሚቆጠረው በዓመት ሳይሆን በታሪፍ ነው፤ ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ በአምስት ብር የተሳፈረ ሰው ዛሬ ሽማግሌ ነው። ያኔ ሱሉልታ አስፋልቱ ዳር ባለችው ወተት ቤት ትኩስ ወተት ሦስት ብር፣ ዳቦ አንድ ብር ነበር። ወተቱ በወፍራም ብርጭቆ ይቀርባል፤ ብርጭቆውን ሁለት እጃችንን አድርገን የምንይዘው ጣታችን እንዲሞቅ ጭምር ነው፤ የኅዳር ጠዋት ሜዳው ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ሾፌር ሁሉ ባለ ኮፍያ ሹራብ ላይ እጅጌ የሌለው ጃኬት ይደርብ ነበር። የእኔ ቡናማ ነው፣ ሁለት የውስጥ ኪስ አለው፤ በአንዱ መንጃ ፈቃድ፣ በሌላው እስክሪብቶ። ዘፈን በፍላሽ ነው። አዲሱ ገበያ ተራው ጀርባ ያለ ሱቅ ሲሞላልን ግማሹን ኦሮምኛ፣ ግማሹን አማርኛ አድርጎ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ መዝሙር ይጨምርበታል፤ ለእሑድ። ተራ ስጠብቅ በካርኒ ጀርባ ግጥም እጽፍ ነበር። ግጥም ማንም አላስተማረኝም። አስረኛ ክፍል ላይ ነው ከትምህርት የወጣሁት፤ የተማርኩት አዟሪ ላይ በርካሽ ከገዛኋቸው ሽፋን የሌላቸው መጻሕፍት ነው፤ የመጀመሪያ ገጾቻቸው ስለተቀደዱ የብዙዎቹን ጸሐፊ ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። ካርኒ ጠባብ ስለሆነ ስንኞቼም አጫጭር ነበሩ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር፤ በሁለት ዓመት አራት መኪና ቀያይሬ አምስተኛው የኦቦ ቶሎሳ ሚኒባስ ነበር።

ኦቦ ቶሎሳ የሱሉልታ ገበሬ ነበሩ። ነበሩ የምለው በሁለት በኩል ነው፤ መሬታቸው በካሣ ተወስዶ ግንብ ከታጠረበት በኋላ ገበሬ መሆናቸው አበቃ፣ እሳቸው ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት አርፈዋል። መሬቱን ማን እንዴት እንደወሰደው እዚህ አልገባበትም፤ እዚያ አካባቢ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የካሣው ገንዘብ ሲመጣ አንዱ ጎረቤታቸው የሚከራይ ክፍል ሠራ፣ ሌላው ጠጣው፣ ኦቦ ቶሎሳ ሚኒባስ ገዙ። መንዳት አያውቁም፤ ልጆቻቸውም ርቀዋል። ማታ መኪናዋን ግቢ ሳስገባ ጋቢያቸውን አጣፍተው ይወጡና ግንባሯን እንደ በሬ ግንባር እየዳበሱ «ለፈኮ ዛሬ የት የት ዋለች?» ይሉኛል። መሬቴ ማለታቸው ነው። ሌላ ስም አልነበራትም። በመኪናዋ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ፣ ክሪኩም፣ የውሃ ጀሪካኑም፣ መፍቻውም እጀታው ላይ በሰንጢ የተቆረጠ ሁለት ሰረዝ አለው፤ የከብቶቻቸውን ጆሮ የሚለዩበት ምልክት ነው። «ሰው ይረሳል፣ ምልክት አይረሳም» ይሉኝ ነበር፣ እኔን በጎን እያዩ።

ያ እሑድ የካቲት ውስጥ ነው። የቡራዩ ሴቶች የማርያም ማኅበር ነበራቸው፤ ከሱሉልታ በላይ ወዳለ ጸበል በኮንትራት ልወስዳቸው ተዋዋልን። ኮንትራት ስለሆነ ረዳቱን አሰናበትኩት። አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ። ሲመለሱ እያንዳንዳቸው ቢጫ ጀሪካን ይዘው መጡ፤ ጣሪያው ላይ ጫንኩት፣ የተረፈው እግራቸው ሥር ገባ። ከመካከላቸው አንዷ፣ እትዬ አስካለ የምትባል ጠይም ቀጭን ሴት፣ የሷ ጀሪካን ሥሩ ተሰንጥቆ ጸበሉ ፈስሶባት ባዶዋን ቆማ አገኘኋት። ቤት የተኛች ልጅ አለቻት፤ ምሕረት ትባላለች፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ከዓመት በላይ አልጋ ይዛለች። የመጣችው ለሷ ነበር። እኔም ከወንበር ሥር የመኪናዋን የመጠባበቂያ ውሃ፣ አምስት ሊትር ጀሪካን ነው፣ አወጣሁና ውሃውን መሬት ላይ ደፍቼ ባዶውን ሰጠኋት። ደስ አላት። በዚህ አካባቢ ከአሥሩ ሾፌር ዘጠኙ እንደዚያ ያደርጋል፤ ጸበል ላይ ቆሞ ዕቃ የሚከለክል ሰው የለም። ከሱሉልታ ሜዳ ግራና ቀኝ ውሃ አሽገው የሚሸጡ ፋብሪካዎች ተደርድረዋል፤ በቀን ስንት መኪና ውሃ ከዚያ እንደሚወጣ እናያለን። የእኔ መኪና ከነዚያ አጥሮች ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ነው በውሃ ጥም የሞተችው።

ጠጠሩ መንገድ ላይ አንድ ድንጋይ የራዲያተሩን ቱቦ መትቶት ኖሯል። አላየሁም። ዳገቱን ስናጋምስ የሙቀቱ መርፌ ተነሣ፣ ከዚያ ቀዩ ውስጥ ገባ። ዳር ይዤ አቆምኩና ከፊት ወንበር ሥር ያለውን የሞተር ክዳን አነሣሁ። ሽታው ያኔ ነው የመጣው።

«እትዬ፣ ያቺን ጀሪካን ያቀብሉኝ» አልኩ።

«የትኛዋን?»

«የመኪናዋን።»

«ውስጧ ያለው እኮ ጸበል ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ሞተሩ ሊቃጠል ነው።»

ከኋላ አንዷ «ጸበል ለሞተር?» አለች። «ጋኔን ይዞታል እንዴ ሞተሩን?»

«ጋኔን ቢሆን ይጮህ ነበር» አለች ሌላዋ። «ይሄ ዝም ብሎ ማጨስ ነው። የኔን ባል ነው የሚመስለው።»

ሳቁ። «ይልቅ ሾፌሩን ነው ማስጠመቅ» አለች የመጀመሪያዋ። «ቅድም ጸበሉ በር ላይ ቁጭ ብሎ ሲሞነጫጭር ነበር። ደብተራ ሳይሆን አይቀርም።»

እትዬ አስካለ አልሳቀችም። ጀሪካኗን ጭኗ ላይ አድርጋ አቅፋት ነበር። «ዕቃው የመኪናው ነው» አለች ለራሷ ይመስል። «ውስጡ ያለው የልጄ ነው።» ከዚያ ተነሥታ በሰዎቹ እግር መካከል አልፋ መጣችና ዘረጋችልኝ። «እንካ። እሷ ሌላ ቀንም ትጠጣለች። ይቺም የሰው እንጀራ ናት።»

አልተቀበልኳትም። ለብዙ ዓመት ይህንን ለራሴ ስተርክ ለጸበሉ ክብር፣ ለታመመች ልጅ አዝኜ እያልኩ ነበር የምተርከው። እውነቱ ሌላ ነው። የጋለ ሞተር ላይ ውሃ ዝም ብሎ አይደፋም፤ እስኪበርድ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አለበት፣ ቱቦውንም በጎማ ቁራጭ ማሰር ነበረብኝ። በአስር ሰዓት ደግሞ ፒያሳ አንድ አዳራሽ ውስጥ የግጥም ዝግጅት ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜ የአንባቢዎች ዝርዝር ላይ ተጽፏል። ካርኒው ኪሴ ውስጥ ነበር። ሴቶቹን ቡራዩ አድርሼ መመለስ አለብኝ። የዳገቱ ጫፍ ደግሞ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው፣ ሞተር አጥፍቼ እንኳ እወርደዋለሁ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩና «ይቅር እትዬ፣ ለልጅዎ ይሁን» አልኩ። «ጫፉ ይኸው፣ ደርሰናል።»

«ተባረክ» አለች። ሌሎቹም «ተባረክ፣ እናትህ ትባረክ» አሉኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩና ማርሽ አስገባሁ።

ጫፉ ላይ የቆመውን ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉን እስክለይ ቀርቤ ነበር። ከተቀመጥኩበት ሥር ጥርስ እንደማፋጨት ያለ ድምፅ ተሰማ፣ መሪው ውስጥ ተሰማኝ፣ ከዚያ መኪናዋ ግድግዳ እንደገጫት ሁሉ ቀጥ አለች። ቁልፉን ባዞርም ባዞርም ጠቅ ከማለት በቀር ምንም የለም። የፍላሹ መዝሙር ግን ቀጥሎ ነበር፤ ሁላችንም እስከ መጨረሻው የሰማነው እሱን ነው። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አውርደው ሦስትም አራትም እየሆኑ በሚያልፉ መኪኖች ሄዱ። እትዬ አስካለ መጨረሻ ላይ ነው የሄደችው። የሚኒባሷን ጎን በመዳፏ ነካ አድርጋ «እግዜር ያሽራት» አለች።

ኦቦ ቶሎሳ ከሰዓት በኋላ በጭነት መኪና ተሳፍረው ደረሱ። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። ከዚያ ወንበር ሥር እጃቸውን ሰድደው የጀሪካኑን ቦታ ዳሰሱ።

«ውሃ አልነበረም?»

«ጸበል ብቻ ነበር» አልኩ። «ጀሪካኑን ለአንዲት ሴትዮ አውሼያት ነበር። ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። ከለከለችኝ።»

ውሸቱ ይኼው ነው፤ አንዲት ቃል ናት። ኦቦ ቶሎሳም ክርስቲያን ናቸው፣ ጸበል ምን እንደሆነ ያውቃሉ። «ጸበል ለታመመ ነው» አሉ የመኪናዋን ግንባር እየዳበሱ። «እሷም ታማ ነበር።»

መኪናዋን በገመድ ጎትተን ቡራዩ ወሰድናት። ከገፈርሳው መንገድ ገባ ብሎ ያለ በቆርቆሮ የታጠረ ጋራዥ ነው፤ መሬቱ በዘይት ጠቁሮ ዝናብ ሲዘንብ ቀስተ ደመና ይሠራል። መካኒኩ ጋሽ ወርቁ ወፍራም፣ ቀልደኛ ሰው ነበር፤ እጁ ግን አይቀልድም። ሞተሩን አውርዶ ቴስታታውን፣ ላይኛውን ክዳን ማለት ነው፣ ሲከፍተው ሁለቱ ፒስተኖች ከሲሊንደሩ ጋር አንድ ብረት ሆነው ነበር። በእንጨትና በመዶሻ ሲመታቸው ቆይቶ ላቡን ጠረገ። «የተሳመ ባልና ሚስት ናቸው እነዚህ፤ በፍርድ ቤትም አይለያዩ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ፣ ግማሽ ሰዓት ቆመህ ትንሽ ውሃ ብትጨምር ኖሮ የቱቦ ዋጋ ነበር።» ኦቦ ቶሎሳ አልሰሙም። ሲሊንደሩ ሬክቲፊካ፣ ብረት የሚታሽበት ቤት፣ መግባት አለበት፤ ፒስተን፣ ቴስታታ፣ ዘይት ፓምፕ ይለወጣል። አርባ አምስት ሺህ ብር አለ። ያ ገንዘብ ዛሬ የሚኒባስ አራት ጎማ አይገዛም። ያኔ ሁለት የፈረንጅ ላም ነበር፣ እና ኦቦ ቶሎሳ የቀራቸው በትክክል ሁለት ላም ነው።

የዚያን ዘመን ጋራዥ ያላየ የሚቀጥለውን አይረዳውም። ሞተሩ የተፈታ መኪና ባለቤት ቤቱ አይቀመጥም። መለዋወጫ ሲቀየር ደህናው ወጥቶ የሌላ መኪና አሮጌ ይገባል ተብሎ ስለሚፈራ፣ ባለቤቱ ወይም ዘመዱ ሞተሩ ተገጥሞ እስኪነሣ ድረስ ከጎኑ ይቀመጣል። ጋሽ ወርቁ አይከፋውም፤ እንዲያውም ከባሕር ዛፍ ግንድ አግዳሚ ሠርቶላቸዋል። «አስታማሚዎች» ይላቸዋል። አዲስ ሰው ሲገባ «የማን አስታማሚ ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል፣ ልክ እንደ ሆስፒታል።

ኦቦ ቶሎሳ አምስት ሳምንት አስታመሙ። ጠዋት ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ሁለት ታክሲ ቀይረው ቡራዩ፤ ማታ እንደዚያው። እኔም ረዳት ሆኜ ብረቱን በናፍጣ አጥባለሁ። እያንዳንዱን ቡሎን ከእጄ እየተቀበሉ ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ይደረድሩታል፣ በሰንጢያቸው ምልክት ሊያደርጉም ይሞክራሉ። ጋሽ ወርቁ «ኦቦ፣ ቡሎን ጆሮ የለውም» ይላቸዋል። «ሌባ ግን እጅ አለው» ይላሉ። አንዳንዴ የተፈታውን ሞተር ትክ ብለው ሲያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን ምን እያሉ ነው ብዬ ጠጋ አልኩ። የመሬታቸውን ወሰን ነበር የሚቆጥሩት፤ ከጅረቱ እስከ ግራሩ፣ ከግራሩ እስከ የወንድማቸው አጥር።

በሁለተኛው ሳምንት እትዬ አስካለ በአጥሩ በር ብቅ አለች። ቤቷ ከጋራዡ ጀርባ እንደሆነ አላውቅም ነበር። መኪናዋን ከመንገድ አይታ ለይታታለች። ወደ እኔ መጥታ «እኚህ ናቸው ባለቤቱ?» አለች። ነገርኳት። ሽማግሌውን አየቻቸው፤ ቡሎኖቹን፣ ጋቢውን፣ ከዘራቸውን። «ጀሪካን ያበዛነው እኛ ነን» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ተሳፍሬ ነበር ብል ይከፋቸዋል። ለጊዜው አትንገርብኝ።» እሺ አልኩ፣ በፍጥነት። በማግስቱ በምሳ ዕቃ ሽሮ ይዛ መጣች፣ ጎረቤት ነኝ ብላ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጣች።

«አከም ጅርቱ፣ ኦቦ» ትላለች ከሰላምታ የማያልፍ ኦሮምኛዋን አውጥታ።

«ደህና ነኝ፣ አዴ አስካለ። ዛሬም ልትመግቢኝ? ሞተሩ ሳይነሣ እኔ ወፍሬ መነሣት ሊያቅተኝ ነው።»

«ይብሉ። አስታማሚ ካልበላ በሽተኛው ይሰጋል።»

ስለ ልጅዋ ነገረቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦቦ ቶሎሳ ከሱሉልታ በሃይላንድ ጠርሙስ ወተት ይዘው ይመጡ ጀመር፣ ለምሕረት። ልጅቷ ሌላ ምግብ ሲያስመልሳት የሳቸውን ወተት ትጠጣለች ተባለ፤ ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። የመጀመሪያዋ ላም ለሬክቲፊካው ተሸጠች፣ ወተቱ በግማሽ ጠርሙስ ሆነ። ሁለተኛዋ ለፒስተኑ ስትሸጥ ባዶ እጃቸውን መጡ፤ አግዳሚው ላይ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ነው የተቀመጡት። እትዬ አስካለ ምንም ሳትጠይቅ ምሳ ዕቃውን ከፈተችላቸው። እኔ በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ይዤ ሁለቱን አያለሁ። ሲያወሩ በሰማሁ ቁጥር የምጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ጸበል የሚለውን ቃል።

ሞተሩ የሚነሣበት ቀን ደረሰ። ጋሽ ወርቁ ራዲያተሩን በቱቦ ሞላው፣ አስታማሚዎች ሁሉ ተሰበሰቡ። ያኔ እትዬ አስካለ የመኪናዋን ጀሪካን ይዛ ገባች። አጥባታለች፣ ጸበል ሞልታባታለች፤ ዕቃውን ልትመልስና መኪናዋን ልትረጭ ነው የመጣችው። ኦቦ ቶሎሳ ጀሪካኗን ከእጇ ተቀበሏት። እጀታው ላይ ያሉትን ሁለት ሰረዞች በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

«ይሄ የኔ ነው።»

«አዎ ኦቦ። ያን ዕለት ተሳፍሬ ነበር። ይቅር ይበሉኝ፣ እስካሁን አልነገርኩዎትም።»

«ጸበሉን የከለከልሽው አንቺ ነሽ?»

እትዬ አስካለ አልገባትም ነበር። ግንባሯ ተቋጠረ። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች፣ እና ሲገባት አየሁ። መናገር እችል ነበር። ቁልፉ በእጄ ነበር፤ ጋሽ ወርቁ «አስነሣ» እስኪለኝ እየጠበቅኩ ነበር። ዓይኔን ወደ ሞተሩ አወረድኩ።

«አዎ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ኦቦ ቶሎሳ አግዳሚው ላይ የነበረውን ያልተከፈተ ምሳ ዕቃ አንሥተው በሁለት እጃቸው ሰጧት። «ገላቶሚ» አሉ፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። መኪናዋ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ሞተሩ በሁለተኛው ቁልፍ ተነሣ፤ አስታማሚዎቹ አጨበጨቡ።

ከሦስት ቀን በኋላ እትዬ አስካለ በር ላይ ቆሜ ለምን እንደዚያ እንዳለች ጠየቅኳት። «እውነቱን ብነግራቸው መኪናቸውን ይሰጡሃል?» አለች። «ሌላ ባለ መኪናስ ይሰጥሃል? እኔ እንደሆነ ድሮም መኪና የሚሰጠኝ የለ።» ፈገግ ብላ ነበር። «ሲበርድላቸው አንተ ትነግራቸዋለህ። ከአንተ ቢሰሙት ነው የሚሻለው።» እነግራቸዋለሁ አልኳት። ለራሴም በየቀኑ እንዲሁ እላለሁ፤ ጠዋት ቁልፉን ስቀበል ማታ፣ ማታ መኪናዋን ሳስረክብ ደግሞ ነገ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ያኔ ያመለጠኝን የግጥም ዝግጅት በሌላ ወር አገኘሁትና ካርኒዬን አውጥቼ አነበብኩ፤ ሰው አጨበጨበልኝ። ስለ ምን እንደነበር ዛሬ አንድ ስንኝ አላስታውስም።

ምሕረት ክረምቱ ሲገባ አረፈች። ጋሽ ወርቁ ደውሎ ነገረኝ፤ «ሽማግሌውን ይዘህ ና፣ ሴትዮዋ በር በሩን እያየች ነው» አለኝ። በቀጥታ ሱሉልታ ሄድኩ። ሜዳው ውሃ ተኝቶበት ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ግቢው ውስጥ ከብት የለም፣ የገመዱ ችካሎች ብቻ ቆመዋል።

«የአዴ አስካለ ልጅ አረፈች» አልኳቸው።

«ዋቀዮ» አሉ፣ አምላካቸውን ጠርተው። ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ሁለት እርምጃ ሄዱ። ወተታቸውን የጠጣች ልጅ ናት። ከዚያ ቆሙና ተመልሰው ተቀመጡ። «ቂም ይዤ ለቅሶ ቤት አልገባም። ኃጢአት ነው።» ዓይናቸው መኪናዋ ላይ ነበር፤ የተጠገነው ሞተር ያኔም ጭስ ያበዛ ነበር። «ኢልመኮ፣ ደግመህ ንገረኝ። ለምነሃት ነው የከለከለችህ?»

ልጄ ብለው ነው የጠየቁኝ። አይደለም ብል ከኔ ጋር ይሄዱ ነበር፤ ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ከመኪናው ያወርዱኝ ነበር፣ ይህንንም አውቅ ነበር።

«አዎ» አልኩ።

ቡራዩ ስደርስ ዝናብ ነበር። ድንኳኑ የተተከለው በጋራዡና በቤቷ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ነው፤ ጋሽ ወርቁ አግዳሚዎቹን አምጥቶ ደርድሮ ሰው ተቀምጦባቸዋል። እትዬ አስካለ ጥግ ላይ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ በገባ ቁጥር ቀና ትላለች። አጎንብሼ እጇን ያዝኩ።

«ኦቦን አገኘሃቸው?»

«የሉም» አልኩ። «ዘመድ ጋ ሩቅ ሄደዋል አሉኝ።»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ያንን ነገር ግን ነግረሃቸዋል፣ አይደል?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

ትከሻዋ ሲላላ እጄ ላይ ተሰማኝ። «እንግዲያ መርዶውን አልሰሙም ማለት ነው» አለች። «ቢሰሙማ አይቀሩም ነበር።» ከዚያ ጠጋ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።